ጭስ የሌለው ከሰል

«ምን ጸጥተኛ ልጅ ነው፣ ማሻአላህ!» ሲባል ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ልጇን አዝላ ሱቄ ገባችና ጨርቅ እየመረጠች፣ «ይሄ ልጅ እኮ አያስቸግረኝም፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ነው» አለችኝ። እኔም ሜትሬን አስቀምጬ፣ «ቤት ውስጥ ከሰል ታቀጣጥያለሽ? መስኮትሽስ ይከፈታል?» አልኳት። ሴትዮዋ እንደ እብድ አየችኝ። የመረጠችውን ጨርቅ ጥላልኝ ሄደች። ትሂድ! አንድ ደንበኛ ቀርቶ አስርም ቢሄድ መጠየቄን አልተውም።

ነገሩ የሆነው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ ነው። ባሏ የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እቤቱ ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ስለዚህ ወጉም ስለሆነ፣ ብቻዋንም ስለሆነች፣ ልትወልድ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው የአባታችን ቤት መጣች። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። እኔ ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሄጄ የጨርቅ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ዘግቼ እቤቴ ገብቼ ሙቀቱን አሳልፋለሁ፣ አስር ሰዓት ላይ እንደገና እከፍታለሁ።

ወሩ ሰኔ ነበር። የድሬን ሰኔ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ቀን ግድግዳው ራሱ ይተኩሳል። የእህቴ ባል ሚስቱና ልጁ እንዳይቃጠሉበት ብሎ ከጅቡቲ ኤሲ ጭኖ መጣ። አባቴ ደግሞ የበርጫ ክፍሉን ለቀቀላት። ይሄ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ! አባቴ በዚያች ክፍል ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሲቅም ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ጓደኞቹን ወደ ጎረቤት ቤት አዛውሮ፣ ግድግዳውን አዲስ ቀለም አስቀብቶ፣ «የልጅ ልጄ በአባቱ ኤሲ በአያቱ ክፍል ይተኛል» ብሎ እየሳቀ ቁልፉን ሰጣት።

ቀጥሎ ያደረገውን ነው የማልረሳለት። ኤሲው በተሰቀለ ማግስት መሰላል አምጥቶ፣ ከጣሪያው ሥር ያሉትን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች በስፖንጅ ጠቀጠቃቸው። መስኮቱን ዙሪያውን በሲሊከን ለሰነው። በሩ ሥር ደግሞ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ጨርቁም ከእኔው ሱቅ የመጣ ቁራጭ ነው። «ቅዝቃዜው እንዳይባክን ነው» አለ። ልክ ነው፣ አልባከነም። ቅዝቃዜውም አልወጣ፣ ሌላውም ነገር አልወጣ።

ከዚያ አዳዳ መጣች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ቤታችን ውስጥ ማንም በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችን እሷ ናት። ከድሬ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ነው የምትኖረው። እህቴ በወለደች በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ከተፍ አለች፤ ማር፣ አብሽ፣ አንድ የታሰረ ፍየል፣ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል። ከሰሉን ሳይ «አዳዳ፣ ከሰል እኮ እኛም ሰፈር ይሸጣል» አልኳት። «የእናንተ ከሰል ጭስ አለው» አለችኝና ማዳበሪያውን ራሷ እየጎተተች አስገባችው።

አራስ ክፍሉ እንደገባች ኤሲው ፊቷን መታት። ቀና ብላ አየችው። «ይሄ የአላህ ብርድ አይደለም» አለች። «ይሄ የብረት ብርድ ነው። ሕፃን ይገድላል።»

እህቴ ደግሞ ኤሲው ከተዘጋ በላብ ትጠመቃለች። አባቴ አማችየው ያመጣው ውድ ዕቃ ያለ ሥራ ተሰቅሎ እንዲቀር አይፈልግም። ታዲያ ምን ተደረገ? ኤሲው ይሠራል፣ አዳዳ ደግሞ ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው ከአልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ ታስቀምጣለች። ኤሲው ለእናት፣ ከሰሉ ለልጅ! ወላሂ ሳልጨምር ነው የማወራው። በመብራት እናቀዘቅዛለን፣ በከሰል እናሞቃለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ከት ብዬ ሳቅኩ። አዳዳ ዞር ብላ በዓይኗ ቆረጠመችኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት።

አዳዳ ደግሞ ዝርክርክ ሴት አይደለችም። ከሰሉን ግቢ ውስጥ ታቀጣጥላለች፣ በማራገቢያ ታራግበዋለች፣ ጭሱ ጥርግ ብሎ እስኪያልቅና ላዩ አመድ እስኪለብስ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ነው የምታስገባው። «እኔ በሕይወቴ ጭስ ያለው ከሰል ቤት አስገብቼ አላውቅም» ትላለች ደረቷን ነፍታ። ምድጃው ላይ ደግሞ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት የሻይ በራድ ይጣዳል። ረፋድም ከሰዓትም ጠያቂ ሴቶች ይመጣሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ በሩ ከኋላቸው ይዘጋል፣ ጨርቁ በእግር ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከውጪው እሳት ገብተው ቅዝቃዜው ሲነካቸው «ጀነት ነው!» ይላሉ። ሕፃኑን ያያሉ። ሕፃኑ ተኝቷል። «ምን ጸጥተኛ ልጅ ነው፣ ማሻአላህ!»

ልጁ በእርግጥም አያለቅስም ነበር። ከሆስፒታል ሲመጣ ጊዜ ግቢውን በጩኸት ያናጋ ልጅ፣ ያቺ ክፍል ከገባ ወዲህ ዝም አለ። ጡት ይዞ ትንሽ ይጠባና ያንቀላፋል። ጉንጩን ነካ ነካ ቢያደርጉት ዓይኑን ገርበብ አድርጎ መልሶ ይከድናል። አዳዳ «ኢልማ ኮ» ትለዋለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ኢልማ ኮ ጠግቦ ነው። ክፍሉ ተመችቶት ነው።» ጎረቤቶቹ የራሳቸውን ልጆች ጩኸት እያነሱ በእህቴ ይቀናሉ። እሷም ደክሟት ፈገግ ትላለች።

እህቴ ግን ራሷን ያማት ነበር። ጠዋት ደህና ናት፣ ከሰዓት ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ያቅለሸልሻታል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። አዳዳ ምክንያቱን ወዲያው አገኘችው፤ «ብርድ መቷታል።» መድኃኒቱስ? ተጨማሪ ከሰል! ምድጃው ወደ ትራስጌዋ ተጠጋ። ራስ ምታቱ ባሰ። «አየሽ? ብርዱ ሥር ሰዷል» ተባለ፤ ከሰሉ እንደገና ተጨመረ።

እኔንም ያመኝ ነበር። ቀን ምሳዬን እዚያው እህቴ አጠገብ ነው የምበላው። ተኝቼ ስነሳ ራሴን በመዶሻ የተመታሁ ያህል ይሰማኛል። ከዚያ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ፣ ሱቄን ከፍቼ፣ አንድ ሁለት ደንበኛ ሳስተናግድ ቀስ በቀስ ይለቀኛል። ነገሩ የተገለበጠ ሆነብኝ። ሰው በድሬ ፀሐይ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ጥላ ሲገባ ይሻለዋል። እኔ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ታምሜ ፀሐይ ላይ እድናለሁ። አንድ ቀን ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ኪኒን ስገዛ ይህንኑ ለፋርማሲስቷ ነገርኳት። ኪኒኑን ከእጇ ሳትለቅ፣ «ክፍሉ ውስጥ የሚነድ ነገር አለ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ሲሊከኑ። መብራት ሲጠፋ አባቴ ኮሪደር ላይ ስለሚያስነሳው ጄኔሬተር። አዳዳ ለትንኝ ብላ ጠዋት ጠዋት ስለምትነፋው ስፕሬይ። ሴትዮዋ ፊቷ እየተለዋወጠ ሄደ። «የአዲሱ ቀለምና የስፕሬዩ ሽታ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ እሱን ቢያንስ ታሸቱታላችሁ» አለችኝ። «ከሰሉና ጄኔሬተሩ የሚለቁት ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ግን የተነፈሰው አየር አይደርሰውም። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሕፃኑ እንዴት ነው?»

«ይተኛል» አልኳት።

እቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩን በርግጄ ምድጃውን አንስቼ ግቢ አወጣሁት። አዳዳ ከኋላዬ እየጮኸች ተከተለችኝ። «ማል ታቴ?» አለችኝ፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። አስረዳኋት። በሥርዓት፣ ቀስ ብዬ፣ ፋርማሲስቷ እንደነገረችኝ አስረዳኋት። ሰምታ ስትጨርስ በሐዘኔታ አየችኝ።

«ልጄ፣ ከሰል የሚገድለው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ብርድ አለ፣ ሰዉ በር ዘግቶ ከሰል ታቅፎ ይተኛል። እኛ አገር በረሃ ነው። በረሃ ላይ በከሰል የሞተ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኛም እኮ በር ዘግተናል አዳዳ! ክፍሉን ራሳችን አዲስ አበባ አድርገነዋል!»

«ጭስ የለውም እያልኩሽ!»

«የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም!»

«እና የማይታየውን አንቺ እንዴት አየሽው?»

አባቴን ጠራሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለንም፣ አባቴንም አንተ ነው የምለው። ሲያናድደኝ ግን አንተ ማለቱም አያረካኝም። «አባ፣ ስፖንጁን ከላይ አውጣው፣ ሰው ትገድላለህ» አልኩት።

«አቦ! ተረጋጊ እስቲ» አለኝ። «ማሽኑ ግማሹ ውጪ አይደል እንዴ የተሰቀለው? ለምን ይመስልሻል? ንጹሑን አየር ከውጪ ይስባል፣ አቀዝቅዞ ወደ ውስጥ ይለቃል። ከተከፈተ መስኮት ይበልጣል።»

ኤሲው የዚያውኑ ክፍል አየር እያዞረ እንደሚያቀዘቅዝ፣ ከውጪ አንድ ትንፋሽ እንደማያስገባ ለማሳመን ያልሞከርኩት የለም። በማግስቱ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድጄ፣ ውጪ የተሰቀለው ማሽን ሥር ለኩሼ አጨስኩት። ግቢው በጭስ ታፈነ። ጎረቤት «ቤት ተቃጠለ!» ብሎ ጮኸ። እኔ እያሳልኩ ገብቼ አባቴን ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። «ሸተተህ?» አልኩት።

«ምን?»

«ይኸው! ከውጪ አየር የሚስብ ቢሆን ኖሮ ይሸትህ ነበር!»

አባቴ ትንሽ አሰበ። ዓይኑ በራ። «ያጣራዋላ!» አለኝ። «ውድ ዕቃ እኮ ነው!»

ግድግዳው ላይ ራሴን ባጋጭ ደስ ይለኝ ነበር።

እህቴ ብቻዋን ስትሆን ለመንኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጇን ይዤ፣ «አንቺ እንኳን እምቢ በይ» አልኳት። «አዳዳ እኮ ለእኔ ብላ ነው ቤቷን ዘግታ የመጣችው» አለችኝ ዓይኗን ጨፍና። «እማዬ ብትኖር እሷም እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ደክሞኛል፣ አታጨቃጭቂኝ።» ሲሊከኑን ልጬ መስኮቱን ልከፍት ስነሳ አዳዳ ገባች። እኔና መስኮቱ መሀል ቆማ የተናገረችኝን እስክሞት አልረሳውም።

«አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

አልወለድኩም። ትዳሬ የፈረሰውም በዚሁ ነው፤ እሷም ታውቃለች። እህቴ «አዳዳ!» አለች። አዳዳም የተናገረችው ከአፏ ከወጣ በኋላ የቆጫት መሰለኝ፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ግን መስኮቱን አልለቀቀችም። እኔ ወጥቼ ኒም ዛፋችን ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። ይህን ሁሉ አውቄ አንድ መስኮት መክፈት ያልቻልኩ ሰው ምን ዋጋ አለኝ?

ከዚያ በኋላ እኔ ስኖር ምድጃው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ስወጣ ይገባል። አዳዳ ለዓይኔ ብላ ታወጣዋለች እንጂ አልታዘዘችኝም። በራዱን ክፍሉ ውስጥ ገና እንፋሎት ሲተፋ አገኘዋለሁ፣ ምድጃው ኮሪደር ላይ «አሁን ነው የወጣሁት» የሚል መልክ ይዞ ይጠብቀኛል። መሰላል ላይ ወጥቼ ስፖንጁን ነቀልኩት፤ ማታውን አባቴ መልሶ ጠቀጠቀው። ለእህቴ ባል ስልክ ደወልኩለት፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ተቆራረጠበትና «ኤሲው ተበላሸ እንዴ?» እያለ ሲጠይቀኝ መስመሩ ሞተ።

አርብ ነበር። አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ነው፤ አባቴም ወጥቷል። ሴቶቹም ጁምዓ ተሰግዶ ምሳ እስኪበላ ጥየቃ አይመጡም። ሌላ ቀን ቢሆን በሩ አስር ጊዜ ይከፈትና ይዘጋ ነበር፤ ለካ እስከዚያ ቀን ያኖራቸው የበሩ መከፈት ነው። ያን ቀን ጠዋት እህቴ ብሶባት ስለነበር አዳዳ ምድጃውን ሞልታዋለች።

ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ መጣሁ። ሹፌሩ መልስ እየፈለገ በር ላይ ቆሟል። ግቢው ውስጥ የኤሲው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። «አዳዳ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም።

በሩ ከሥር ባለው ጨርቅ ተይዞ እምቢ አለኝ። በትከሻዬ ገፋሁት። አዳዳ ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ መቁጠሪያዋ፣ ሙስበሃዋ፣ ጣቶቿ ላይ አለ፣ ራሷ ደረቷ ላይ ወድቋል። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ አስመልሳ በዚያው በጎኗ ተዘርራለች። ልጁ ብብቷ ሥር ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭስ ጭስ አይልም። ትውከቱን እንኳ የሄሉ ሽታ ሸፍኖታል። በራዱ ቀስ ብሎ ይንተከተካል።

ልጁን መንትፌ ወጣሁ። ሙሉ በሙሉ ዝሏል። እጁ ተንጠልጥሏል። ያ ሁላችንም ስንፈራው የከረምነው የድሬ ፀሐይ ላይ፣ ኒሙ ሥር፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ የውስጥ እግሩን በጥፍሬ ፋቅኩት። «አልቅስ!» አልኩት። «ኧረ በአላህ አልቅስ! ጩህ!» አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ፋቅኩት። ከአፉ የወጣችው ድምፅ የድመት ግልገል ድምፅ እንኳ አታክልም፤ ግን ወጣች።

እየጮኽኩ ስለነበር የባጃጁ ሹፌር ሮጦ ገባ። ሁለታችን ተጋግዘን እህቴን በአንሶላ ጎትተን አወጣን። ተመልሰን አዳዳን አወጣን፤ ሙስበሃዋን አልለቀቀችም። ራሴን እያዞረኝ ነበር። ሁሉንም ባጃጁ ውስጥ እንዴት እንዳጨቅናቸው አላስታውስም። ልጁ በመንገድ ሙሉ ደረቴ ላይ ነበር፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሬ ይዤዋለሁ። አራስ ልጅ፣ አርባ ቀኑ ያልወጣ፣ በባጃጅ ንፋስ! አዳዳ ብትነቃ ኖሮ ትገድለኝ ነበር።

ሆስፒታል ለሦስቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። አባቴ ከመስጊድ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ደረሰ። የልጁ ጣት ላይ የታሰረችውን ትንሽ መሣሪያ ቁጥር አየና «ይኸው ጥሩ ነው ይላል እኮ!» አለ፣ ሊጽናና ፈልጎ። ዶክተሯ «ይሄኛው መሣሪያ ኦክስጅኑንና ጋዙን አይለይልንም፤ ደህና ሳይሆኑ ደህና ናቸው ይላል» አለችው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያን የመሰለ ግዙፍ ሰው።

ዶክተሯ አዳዳ ስትነቃ፣ «እናት፣ ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። አዳዳ ጭምብሉን ከአፏ ገፋ አድርጋ፣ «ነበር። ግን ጭስ የለውም» አለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ዶክተሯ ግን አልተናደደችም፤ አጎንብሳ፣ «ጭሱ ሲያልቅ ነው እኮ ሰው የሚዘናጋው» አለቻት። አዳዳ ጭምብሉን መልሳ አደረገች።

እቤት ስንመለስ አባቴ መሰላሉን አምጥቶ ስፖንጁን አንድ በአንድ አወረደው። ሲሊከኑን በቢላዋ ሲፍቅ ዋለ። «ልክ ነበርሽ» የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ምድጃውም ጄኔሬተሩም ግቢ ወጡ። ጠያቂዎቹ ተመልሰው መጡ፤ የሆነውን ሰምተው፣ «ዓይን ነው!» አሉ። «እንዲያ ጸጥተኛ ልጅ እየተባለ ሲደነቅ፣ የሰው ዓይን በላው።» ወላሂ ጆሮዬ እየሰማ ነው ያሉት! ስለ ጋዙ ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ «ቢሆንም ዓይን ነው» አሉ። ተስፋ ቆረጥኩ።

ልጁን ዶክተሯ በየጊዜው አምጡት ብላናለች፤ ሲያድግ ነው ሁሉም ነገር የሚታወቀው ትላለች። ግን ከሆስፒታል በተመለሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ልጁ ሌላ ልጅ ሆነ። ይጮኻል! ኧረ ምን ዓይነት ጩኸት! ጡት ሲዘገይበት ይጮኻል፣ ሲያጥቡት ይጮኻል፣ ከሁሉም በላይ ቀን፣ ሳቢያን ሙሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ጣሪያ ያነሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት ኒሙ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ተቀምጠናል። አዳዳ ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ በማራገቢያ ታራግብለታለች። ያ ከሰሉን ያራገበችበት ማራገቢያ ነው። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ያለቅሳል። አዳዳ ግራ ገብቷታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ጠግቧል፣ ደርቋል። በፊት እንዲህ አልነበረም እኮ። በፊት…»

እጇ ላይ ማራገቢያው ቆመ። ልጁን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ስንት ቀን ሙሉ ልነግራት አፌ ላይ የከረመ ብዙ ነገር ነበረኝ። አንዱንም አላልኩም።

«ያኔም ማልቀስ ፈልጎ ነበር?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቅም አልነበረውም አዳዳ።»

ዕንባዋ ልጁ ደረት ላይ ጠብ አለ፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። በዚያው ቅጽበት ከአጥር ማዶ ጎረቤታችን፣ «ኧረ ያን ልጅ ዝም አሰኙት፣ እንተኛበት!» ብላ ተጣራች። እህቴ ከቤት እየሮጠች ወጥታ ጡቷን አውጥታ ልጁን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

አዳዳ ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ዲሲ!» አለች። «ተዪው። ይጩህ።»